በሺህ የሚቆጠሩ ወፎች አንድ ላይ ሲታጠፉ ማን ያዛቸዋል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነበር፦ «ስታርሊንግ የሚባሉት ወፎች ማምሻውን በሺዎች ሆነው ሲበሩ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ይታጠፋሉ። መሪ አላቸው? ካላቸው መሃል የተከበበችው ወፍ መሪዋን ሳታይ እንዴት ትታዘዛለች? ከሌላቸውስ ሳይጋጩ እንደ አንድ አካል የሚንቀሳቀሱት እንዴት ነው?»

መሪ የላቸውም። በአንድ ቅጽበትም አይታጠፉም። ለማመን ይበልጥ የሚከብደው ሁለተኛው ነው፤ ጠያቂው በዓይናቸው ያዩትን ነገር ነውና «እንደዚያ አይደለም» የምላቸው። አራት መቶ ያህል ወፎች ያሉት መንጋ ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ ታጥፎ የሚያልቀው ከግማሽ ሰከንድ ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ነው። በዚህች ጊዜ ውስጥ ማን ቀደመ ማን ተከተለ ብሎ መለየት ምድር ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው አይቻለውም። ስለዚህ ሁሉም በአንዴ የታጠፉ ይመስለናል።

ድሮም ቢሆን ብዙዎችን ያደናገረው ይኸው ነው። ኤድመንድ ሴሉስ የተባለው እንግሊዛዊ የወፍ ተመልካች በ1931 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ሥራው ወፎቹ ሐሳባቸውን ያለ ድምፅና ያለ ምልክት በቀጥታ ከአእምሮ ወደ አእምሮ የሚያስተላልፉ ሊሆኑ ይችላሉ እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ዛሬ ይህን የሚጠቅሱ ሰዎች እየሳቁበት ነው። እኔ ግን አልስቅበትም። ሰውዬው ለዓመታት በትዕግሥት ተመልክቶ አንድ ትክክለኛ ነገር አይቷል፦ የሚጮኽ አዛዥ የለም፣ ፊት የምትበረው ወፍም አዛዥ አይደለችም። የጎደለው ፈጣን ካሜራ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ዘመናዊው መልስ ስንመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የኮምፒውተሩ ታሪክ ነው። በ1987 ክሬግ ሬይኖልድስ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ግራፊክስ ባለሙያ «ቦይድ» ብሎ የሰየማቸውን ሰው ሠራሽ ወፎች ስክሪን ላይ አበረረ። ለእያንዳንዷ የሰጣት ሕግ ሦስት ብቻ ነው፦ ጎረቤትሽን አትጠጊ፤ ጎረቤቶችሽ በሚሄዱበት አቅጣጫ ሂጂ፤ ከጎረቤቶችሽ አትራቂ። ስለ መንጋው ቅርጽ፣ ስለ መድረሻው ወይም ስለ መሪ አንድም ትእዛዝ አልተጻፈም። ያም ሆኖ ስክሪኑ ላይ የታየው መንጋ ነው፤ መንገዱ ላይ ምሰሶ ሲያጋጥመው ለሁለት ይከፈልና አልፎ ተመልሶ ይገጥማል። ከስምንት ዓመት በኋላ ታማሽ ቪቼክ የተባለ የሃንጋሪ ፊዚክስ ሊቅ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ነገሩን ይበልጥ አቀለለው፤ አቅጣጫን ከጎረቤት ጋር ማስተካከል የሚለው ሕግ ብቻውን፣ ስሕተቱ እስካልበዛ ድረስ፣ ብዙዎችን ወደ አንድ አቅጣጫ ለማሰለፍ እንደሚበቃ አሳየ።

እዚህ ላይ ብዙ ጽሑፎች ያቆማሉ፤ «ሦስት ቀላል ሕጎች ናቸው» ብለው ይደመድማሉ። ይህ ለእኔ አይጥመኝም። ስክሪን ላይ መንጋ የሚመስል ነገር መታየቱ እውነተኛዋ ወፍ ያንኑ ሕግ እንደምትከተል ማስረጃ አይሆንም። የተለያዩ ሕጎች አንድ ዓይነት የሚመስል ውጤት ሊሰጡ ይችላሉና። ሬይኖልድስ ራሱ የፈለገው ለዓይን የሚያሳምን አኒሜሽን ነበር፤ ያንንም አግኝቷል። ወፏ ምን እንደምታደርግ ለማወቅ ግን ወፏን መለካት ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ።

ለምን ፈጀ? ችግሩን በቅርብ ብናየው ይገባናል። መንጋውን ፎቶ አንሡት እንበል፤ ምስሉ ላይ ያለው ሁለት ሺህ ጥቁር ነጥብ ነው። የትኛዋ ወፍ ከየትኛዋ ምን ያህል እንደምትርቅ ለማወቅ ቢያንስ ከሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ ማንሣት አለባችሁ። ከዚያ በአንዱ ፎቶ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ በሌላኛው ፎቶ ላይ ካሉት ሁለት ሺህ ነጥቦች የትኛው እንደሆነ ማዛመድ ይመጣል። ነጥቦቹ ሁሉ ይመሳሰላሉ፤ አንዱ ሌላውን ይጋርዳል፤ በሚቀጥለው ፎቶ ደግሞ ሁሉም ቦታ ቀይረዋል። በእጅ የተሞከረው ሥራ ከጥቂት አሥር ወፎች ብዙም ያላለፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን የፈቱት የጣሊያን የፊዚክስ ሊቃውንት ናቸው። ሮም ውስጥ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያሉት ዛፎች ላይ በአውሮፓ የብርድ ወራት ብዙ ስታርሊንግ ያድራሉ። አንድሬያ ካቫኛ፣ ኢሬኔ ጃርዲና፣ ጆርጆ ፓሪሲና ባልደረቦቻቸው ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለው የፓላትሶ ማሲሞ ሙዚየም ጣሪያ ላይ ካሜራዎች ተከሉ፤ ነጥቦቹን የማዛመዱን ሥራም ለኮምፒውተር ሰጡት። በዚህ መንገድ ከሁለት ሺህ በላይ ወፎች ያሉበትን መንጋ ሳይቀር እያንዳንዷ ያለችበትን ቦታ በሦስቱም አቅጣጫ ለማወቅ ቻሉ። ፓሪሲ በ2021 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ሲያገኝ አንዳንድ ዜናዎች «ለወፎቹ ጥናት» ብለውት ነበር፤ ሽልማቱ የተሰጠው ሥርዓት የለሽ በሚመስሉ ውስብስብ ነገሮች ላይ ለሠራው ሰፋ ያለ ሥራ ነው። የፊዚክስ ሰው ወፍ ላይ ምን አገባው ለሚል ግን መልስ አለ። ብረት ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ማግኔቶች እያንዳንዳቸው አጠገባቸው ያለውን ብቻ እየተከተሉ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚዞሩበት ሒሳብ ለወፎቹም መነሻ ሆኗል።

መለኪያው ያወጣቸው ነገሮች ጥቂቶቹ ያልተጠበቁ ነበሩ። ከምድር ስናየው ኳስ የሚመስለው መንጋ በእርግጥ ከመሬት ጋር ትይዩ የተዘረጋ ስስ ንጣፍ ነው። ደግሞም ወፎቹ ይበልጥ የተጠጋጉት መሃል ሳይሆን ጠርዝ ላይ ነው። ዋናው ግኝት ግን በ2008 የታተመው ነው፤ የጠያቂያችንም መልስ ግማሹ እዚያ ስላለ ቀስ ብዬ ላስረዳ።

አንዲት ወፍ ውሰዱና ለእሷ የቅርብ የሆነችው ጎረቤት በየት በኩል እንዳለች ጠይቁ። ከፊቷ ነው? ከጎኗ? ይህን ለመንጋው ወፎች ሁሉ ስትደጋግሙት የቅርቧ ጎረቤት በአብዛኛው በጎን በኩል እንዳለች፣ ቀጥታ ፊትና ቀጥታ ኋላ ግን ባዶ ቦታ እንዳለ ታያላችሁ። ወፎቹ እርስ በርስ ባይተያዩ ኖሮ ጎረቤት በየአቅጣጫው እኩል ይገኝ ነበር፤ ስለዚህ ይህ መዛነፍ የመተያየታቸው አሻራ ነው። ቀጥሎ ስለ ሁለተኛዋ ቅርብ ጎረቤት ጠይቁ፣ ከዚያ ስለ ሦስተኛዋ፣ ስለ አራተኛዋ። አሻራው እየደበዘዘ ይሄድና ስድስተኛዋ ወይም ሰባተኛዋ ላይ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ወፎች ለእሷ በቀጥታ የሚቆጠሩ አይደሉም ማለት ነው።

አሁን የነገሩ ቁልፍ ይመጣል። አንዱ መንጋ የተጨናነቀ ነው፤ ከወፍ እስከ ቅርብ ጎረቤቷ ያለው ርቀት በአማካይ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሌላው የተበተነ ነው፤ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ። ወፏ «እስከዚህ ሜትር ድረስ ያሉትን እከተላለሁ» የሚል ሕግ ቢኖራት ኖሮ በተጨናነቀው መንጋ ውስጥ ብዙ ወፍ፣ በተበተነው ውስጥ ጥቂት ወፍ ትከተል ነበር። የተገኘው ተቃራኒው ነው፤ ሜትሩ ተለወጠ፣ ቁጥሩ ግን በሁሉም መንጋ ስድስት ሰባት ሆኖ ቀረ። ስታርሊንግ የምትከተለው ርቀትን ሳይሆን ብዛትን ነው። ሩቅም ይሁኑ ቅርብ፣ ከሁሉም የሚቀርቧትን ስድስት ወይም ሰባት ወፎች ትይዛለች።

ይህ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ለወፏ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ጭልፊት ገብቶ መንጋውን ሲበትነው በወፎቹ መሃል ያለው ርቀት በአንዴ ይሰፋል። በሜትር የሚመራ መንጋ እዚያው ይበታተናል፤ ጎረቤቶቿ ከወሰኑ ውጭ የወጡባት ወፍ የምትከተለው ታጣለችና። በብዛት የሚመራ መንጋ ግን ቢለጠጥም ክሩ አይበጠስም። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን ሕጎች በኮምፒውተር ሞዴል ላይ አጥቂ አስገብተው ሲያወዳድሩ ያገኙት ይህንኑ ነው። ለምን ስድስት ሰባት፣ ለምን ሃያ አልሆነም ለሚለውም ሒሳብ ተሠርቷል። የጣሊያኑ ቡድን ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዋ ናዖሚ ሌናርድና ከባልደረቦቿ ጋር በ2013 እንዳሳየው፣ ጎረቤት ሲጨምር መንጋው ስሕተትን የመቋቋም አቅሙ ያድጋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ጎረቤት መከታተል ድካም አለው። ድካሙ ከጥቅሙ ጋር ሲመዘን ምርጡ ቁጥር እዚያው ስድስትና ሰባት አካባቢ ወደቀ።

እንግዲህ እያንዳንዷ ሰባት ወፍ ብቻ የምታይ ከሆነ ወሬው ከመንጋው ጫፍ እስከ ጫፍ በግማሽ ሰከንድ እንዴት ደረሰ? ይህ የጥያቄው ሁለተኛ ግማሽ ነው።

ከሮሙ ሥራ ቀደም ብሎ በ1984 ዌይን ፖትስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ደንሊን የሚባሉትን ትናንሽ የባሕር ዳር ወፎች በፊልም ቀርጾ መታጠፉን ምስል በምስል ተከታትሎ ነበር። መታጠፉ ከአንዲት ወፍ ወይም ከጥቂቶች ተነሥቶ እንደ ሞገድ ይስፋፋል። አነሣሡ ዝግ ያለ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጎረቤቶች ምላሽ ለመስጠት 67 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳሉ። ከዚያ በኋላ ግን ከወፍ ወደ ወፍ ለመሻገር 15 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ይበቃዋል። ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያው ደንሊን በድንገተኛ ነገር ደንግጣ ለመንቀሳቀስ 38 ሚሊሰከንድ ይፈጅባታልና። ከራሷ የመደንገጥ ፍጥነት በልጣ ጎረቤቷን ልትከተል እንዴት ቻለች? ፖትስ መልሱን ያገኘው በአንድ መስመር ተሰልፈው እግራቸውን በተራ ከሚያነሡ የመድረክ ዳንሰኞች ነው። ዳንሰኛዋ አጠገቧ ያለችው እግሯን እስክታነሣ አትጠብቅም፤ ሞገዱ ከሩቅ ሲመጣ አይታ ተራዋን አስቀድማ ታሰላለች። ወፏም ሞገዱን ከጎረቤቷ ወዲያ ሲመጣ እያየች ትዘጋጃለች። በነገራችን ላይ ፖትስ ሌላም ነገር አስተውሏል። መንጋው የሚከተለው ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደ መንጋው የምትታጠፈውን ወፍ ነው፤ ወደ ውጭ የምትሸሸውን አይከተልም። ይህ ሕግ መወላወልን ያስቀራል፤ ብቻዋን የተገነጠለች ሁሉ መንጋውን ይዛው እንዳትሄድም ይጠብቃል።

የሮሙ ቡድን በ2014 በስታርሊንግ ላይ የለካው ከዚህ ይቀጥላል። ሞገዱ በሰከንድ ከ20 እስከ 40 ሜትር ይጓዛል፤ ወፎቹ ራሳቸው ግን የሚበሩት በሰከንድ 10 ሜትር አካባቢ ነው። ይበልጥ የሚገርመው ሞገዱ በጉዞው አለመዳከሙ ነው። እያንዳንዷ ወፍ አቅጣጫዋን ከጎረቤቶቿ አማካይ ጋር ብቻ ብታስተካክል ኖሮ፣ ወሬው እየሰፋ በሄደ ቁጥር ይዘገይና ይደበዝዝ ነበር፤ ቪቼክ ዓይነት ሞዴሎች የሚሰጡትም ይህን ነው። የተለካው መንጋ ግን ከመነሻው እስከ መድረሻው በእኩል ፍጥነት አስተላለፈው። ስለዚህ ወፏ የምትቀዳው ጎረቤቷ የምትሄድበትን አቅጣጫ ብቻ አይደለም፤ በምን ያህል ፍጥነት እየታጠፈች እንዳለችም ትቀዳለች። «ጎረቤቴ ወደ ቀኝ ናት» እና «ጎረቤቴ ወደ ቀኝ እየዞረች ነው» ሁለት የተለያዩ ወሬዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ቶሎ ይደርሳል። ቀላሎቹ ሦስት ሕጎች አይበቁም ያልኩት ለዚህ ነው። ስክሪን ላይ ያለው መንጋ ጥሩ ይመስል ነበር፤ ሰዓት ሲያዝበት ግን እውነተኛው መንጋ የሚያደርገውን አላደረገም።

መታጠፉን የሚጀምረውስ ማነው? አብዛኛውን ጊዜ በመንጋው የጎን ጫፎች ላይ ያሉ፣ እርስ በርስ የተቀራረቡ ጥቂት ወፎች ናቸው። እዚያ ያለች ወፍ ጎረቤቶቿ በአንድ ወገን ብቻ ስለሆኑ አቅጣጫዋ በቀላሉ ይዋዥቃል፤ አልፎ አልፎ መዋዠቁ በቂ ይሆንና የቀሩትን ይዞ ይነሣል። ይህች ወፍ መሪ ናት ልንል እንችላለን? አልልም፤ ምክንያቱም ቦታዋ አይቆይላትም። መንጋ የሚታጠፈው እንደ ተሰለፈ ወታደር አይደለም። ወታደር ሲታጠፍ የውጩ ረድፍ ይሮጣል፣ የውስጡ ባለበት ይረግጣል፣ የፊተኛውም ፊተኛ ሆኖ ይቀራል። ወፎቹ ግን ሁሉም ፍጥነታቸውን ሳይለውጡ እኩል ስፋት ባለው ቅስት ይዞራሉ። ወደ ሰሜን ይበር የነበረ መንጋ ወደ ምሥራቅ ቢታጠፍ፣ ፊት የነበሩት ወፎች በግራ ጎን ይገኛሉ፤ በቀኝ ጎን የነበሩት ደግሞ ፊት ይሆናሉ። አንድ ሁለቴ ሲታጠፍ ፊተኛው ኋለኛ ሆኗል። እንዲህ ባለ አካሄድ ውስጥ ቋሚ መሪ ቦታ ሊይዝ አይችልም።

አለመጋጨታቸው ከሚመስለው ያነሰ ተአምር ነው። እያንዳንዷ በሰከንድ 10 ሜትር ብትበርም አጠገቧ ያለችው በዚያው ፍጥነት ወደዚያው ስለምትበር፣ በሁለቱ መሃል ያለው የፍጥነት ልዩነት እጅግ ትንሽ ነው። የክንፎቿ ስፋት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ቅርብ ጎረቤቷ ያለችበት ርቀት ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ነው። በዚያ ላይ ዓይኖቿ በጭንቅላቷ ጎንና ጎን ናቸው፤ ከኋላዋ ካለች ጠባብ ቦታ በስተቀር ዙሪያዋን ታያለች። የአንዳንድ ትናንሽ ወፎች ዓይን በሰከንድ ከ130 ጊዜ በላይ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃንን ለይቶ ያያል፤ ለእኛ ያ ያልተቋረጠ ብርሃን ነው። ፊት ለፊት ለሚመጣ ደግሞ የተለየ ዘዴ ያላቸው አሉ። በጅሪጋር የተባሉት ትናንሽ በቀቀኖች በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ከሁለት ጫፍ ፊት ለፊት ሲለቀቁ ሁለቱም ወደየራሳቸው ቀኝ እያሉ ይተላለፋሉ።

ጭልፊትን አንድ ጊዜ አንሥቻለሁና ልጨምርበት። ጥቃት ሲመጣ መንጋው ላይ የሚታየው ጥቁር ባንድ ከአጥቂው እየራቀ የሚሮጥ ሞገድ ነው። ብዙ ሰው ወፎቹ ስለሚጠጋጉ ይመስለዋል። በሞዴል ሲፈተሽ ግን ጥቁረቱን በዋናነት የሚያመጣው እያንዳንዷ ወፍ በቅጽበት ዘንበል ስትል የክንፏ ሰፊው ገጽ ወደ ተመልካቹ መዞሩ ነው። ይህን ስል ወፎቹ የሚሰበሰቡት ሁልጊዜ ጭልፊት ስላዩ ነው ማለቴ አይደለም። ከ23 አገሮች በፈቃደኛ ተመልካቾች የተሰበሰቡ ከ3000 በላይ ምልከታዎች ሲታዩ አዳኝ ወፍ አጠገብ የነበረው በ30 በመቶ ገደማ ላይ ብቻ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ እስካሁን ያልኩት ሁሉ በጅምላ ለየትኛውም ወፍ አይሠራም። እርግብ ለምሳሌ መሪ አላት። በ2010 በታተመ ጥናት እስከ አሥር በሚደርሱ እርግቦች ጀርባ ላይ ጂፒኤስ ታስሮ ማን ቀድሞ እንደታጠፈና ማን እንደተከተለ ሲሰላ፣ አንዳንዶቹ ደጋግመው የሚከተሏቸው ሌሎች እንዳሏቸው ታየ። ሥልጣኑ መሬት ላይ ካለው የጉልበት ደረጃ ጋር አይገናኝም፤ ምግብ ላይ ሌላውን የምታባርረዋ እርግብ አየር ላይ ተከታይ ልትሆን ትችላለች። በኋላ በተደረገ ጥናት ደግሞ የምትመራዋ በተፈጥሮዋ ፈጠን ብላ የምትበረዋ መሆኗ ተደርሶበታል፤ ፈጣኗ ፊት ትገኛለች፣ ፊት ያለችውንም ሌሎቹ ይከተላሉ። ስለዚህ አሥር እርግብ አይቶ ስለ አሥር ሺህ ስታርሊንግ መናገርም፣ በተቃራኒውም፣ አያስኬድም።

ሹል ቀስት ሠርተው የሚበሩት ፔሊካኖችና አይቢሶች ከዚህም የተለዩ ናቸው። እነሱ የሚፈልጉት ጉልበት መቆጠብ ነው። ከፊት ያለችው ወፍ ክንፍ ጫፍ ላይ ወደ ላይ የሚወጣ አየር አለ፤ ተከታይዋ እዚያ ላይ ትቀመጣለች። በ2001 በተለካው መሠረት ተሰልፈው የሚበሩ ፔሊካኖች የልብ ምታቸው ብቻቸውን ከሚበሩት ከ11 እስከ 14 በመቶ ያንሳል። ተጨናንቀው የሚበሩ እርግቦች ላይ ግን በ2011 የታየው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ክንፋቸውን ይበልጥ ቶሎ ቶሎ ያርገበግባሉ፣ ማለትም በመንጋ መብረሩ ድካም ይጨምርባቸዋል። «ወፎች በመንጋ የሚበሩት ጉልበት ለመቆጠብ ነው» የሚለው የተለመደ አባባል ለቀስቱ እንጂ እንደ ደመና ተጨናንቆ ለሚበረው መንጋ አይሆንም።

አንዳንዴ አንዱ ዝርያ ራሱ ሕጉን ይለውጣል። ጃክዳው የሚባሉት የቁራ ዘመዶች ወደ ማደሪያቸው ሲሄዱ እንደ ስታርሊንግ ብዛትን ይከተላሉ፤ ጠላት ለማባረር ሲሰበሰቡ ግን በተወሰነ ርቀት ውስጥ ያለውን ሁሉ ይከተላሉ። በ2019 የወጣው ይህ ውጤት ስድስትና ሰባትን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ለያዙት ሁሉ ምላሽ ነው። የጃክዳው መንጋ ለማባረር ሲሰበሰብ ሥርዓት የሚይዘውም በቂ ወፍ ከተጠጋጋ በኋላ ብቻ ነው፤ ጥቂት ሆነው ተበታትነው ሳሉ እያንዳንዱ በፈለገው አቅጣጫ ይበራል።